ምርጫው ወደ ቅዳሜ የተዛወረ ጊዜ

እስቲ ንገሩኝ፤ ቀኑ ስለተለወጠለት ልቡ የተለወጠ መራጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አላየሁም። ያለ ነገር አይደለም የምጠይቃችሁ። አሁን የምኖርባት የሰው አገር ትንሽ ከተማ ሰሞኑን የማዘጋጃ ቤት ምርጫዋን ከአንዱ ወር ወደ ሌላው ታዛውር ወይስ አታዛውር በሚል ክርክር ተወጥራለች። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩቶ፣ ቀኑ ቢቀየር ሰው በብዛት ወጥቶ ይመርጣል ብሎ ፊርማ ጠየቀኝ። አልፈረምኩም። ሰው የሚቀረው በቀኑ ምክንያት ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ደግ ሰዎች ናቸው፤ አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም የሚል ተረት በቋንቋቸው የላቸውም መሰለኝ። እኔ ግን የምርጫ ቀን ይቀየር ብዬ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ። ይበቃኛል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ጉለሌ ውስጥ ነው። ቀበሌያችን አንድ ሰፊ ግቢ ነበረው። በአንዱ ጫፍ የስብሰባ አዳራሽና የባንዲራ ምሰሶ፣ በሌላው ጫፍ የኅብረት ሱቅ፣ በመካከላቸው ደግሞ አንዲት ጠባብ ክፍል። ክፍሏ ከአንድ የተወረሰ ቤት የመጡ ሁለት መደርደሪያ መጻሕፍት የነበሩባት የቀበሌው ንባብ ቤት ናት፤ ጠባቂዋም እኔ ነበርኩ፣ ያለ ደመወዝ። እውነቱን ለመናገር አንባቢ የሚበዛው ዝናብ ሲጥል ብቻ ነበር። ቢሆንም ለእኔ ከዚያች ክፍል ሌላ ዓለም አልነበረኝም።

የሱቁ ኃላፊ ጋሽ በዛብህም መጽሐፍ በጣም ይወድ ነበር። ወረቀቱን ማለቴ ነው። («አንቱ» ያላልኩት ረስቼ እንዳይመስላችሁ።) ስኳር የሚሸጠው በወረቀት እየተጠቀለለ ስለነበር፣ መጠቅለያ ሲያልቅበት እኔ በሌለሁበት ወደ ንባብ ቤቷ ጎራ ይላል። አንድ ቀን ግማሽ ኪሎ ስኳሬን እቤት ስፈታው መጠቅለያው የአንድ የወንጀል ልብ ወለድ የመጨረሻ ገጽ ሆኖ አገኘሁት። ገዳዩ የቤተሰቡ ሐኪም ነበር። እኔ ገና ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነበርኩ።

ከዚያ አንድ የቀበሌው ኮሚቴ አባል ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረና ወንበሩ ክፍት ሆነ። ጋሽ በዛብህ ዕጩ ሆኖ ቀረበ። ከተመረጠ በመጀመሪያ የሚሠራው ንባብ ቤቷን የሱቁ መጋዘን ማድረግ እንደሆነ በስብሰባ ላይ ተናገረ። «ዱቄት ዝናብ አይችልም፤ መጽሐፍ ግን ተከፋፍሎ ሰው ቤት ሊቀመጥ ይችላል» አለ። ተጨበጨበ። በዚያን ጊዜ ለሁሉም ነገር ይጨበጨብ ስለነበር ጭብጨባው አላስከፋኝም፤ በማግስቱ ግን እኔም ዕጩ ሆኜ ተመዘገብኩ።

ምርጫው እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተባለ። ደጋፊዎቼ የሠፈር ሴቶች ናቸው። የሠፈራችን ሴት እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የት እንደምትገኝ ደግሞ እግዜርም ያውቃል፣ ቀበሌም ያውቃል። ስለዚህ ቀኑን ማስለወጥ ነበረብኝ። «ቅዳሴ አለብን» ብሎ ለቀበሌ ማመልከቻ የሚጽፍ ደፋር ግን በዚያን ዘመን አልተወለደም። ቁጭ ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። «የሴቶች ድርብ ጭቆና» አልኩ፣ «የጓዳ ባርነት» አልኩ፣ «ሰፊዋ የጉለሌ እናት» አልኩ፤ እግዚአብሔርን አንድም ጊዜ ሳልጠራ ለቅዳሴ ፈቃድ ጠየቅሁ። እንዲያ ያለ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህም ጽፌ አላውቅም።

ተፈቀደ። ምርጫው ወደ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተዛወረ። ማመልከቻዬን በስብሰባ ላይ ተነሥቶ የደገፈው ማን ይመስላችኋል? ጋሽ በዛብህ። «እኅታችን ያለችው ትክክል ነው» አለ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ባላጋራሽ ሲደግፍሽ ዘወር ብለሽ ኋላሽን እዪ የሚለው ምክር ግን ወይ አልተጻፈም፣ ወይ እኔ ሳልደርስበት ስኳር ተጠቅልሎበታል።

ቅዳሜ ጠዋት ስኳር ገባ።

ከወር በላይ ጠፍቶ ነበር። ሻይ ከረሜላ እየነከስን የምንጠጣበት፣ ከረሜላውም ሲያልቅ ዝም ብለን የምንጠጣበት ጊዜ ነው። ጋሽ በዛብህ «እደላ ዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል» ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ። የሠፈራችን ሰው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሞ አይጠብቅም፤ ድንጋይ ያስቆማል። ማልደሽ ትመጪና ድንጋይሽን ከፊተኛው ድንጋይ ኋላ አስቀምጠሽ ወደ ጉዳይሽ ትሄጃለሽ። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ አንቺ ነው፤ ማንም አይነካውም። በዚያ ዘመን ሰውን ከቦታው የሚያነሣ ሞልቶ ነበር፤ ድንጋይን የሚያነሣ ግን አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከበላይ ጽሕፈት ቤት የተላከ፣ መነጽር ያደረገ ካኪ ለባሽ ታዛቢ ደንቡን አነበበ። እጅ አውጥቶ መምረጥ ቀርቷል፤ ባለፈው ጊዜ ሰው ሁለት እጁን እያወጣ አስቸግሯል። አሁን መራጭ ሁሉ የሚመርጠው ዕጩ ዘንድ ሄዶ ይሰለፋል። እኔ ባንዲራው ሥር ቆምኩ። ጋሽ በዛብህ «የሕዝብ ንብረት ጥዬ አልመጣም» ብሎ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

ሴቶቹ በሙሉ ከኋላዬ ተሰለፉ፤ ሰልፉ የግቢውን በር አልፎ ወጣ። ጋሽ በዛብህ ዘንድ የሄዱት ጥቂት ወንዶች ናቸው። ታዛቢው የእኔን ሰልፍ ቆጠረና ወደ ሱቁ ተሻገረ። እዚያ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰልፍ ነው፣ ጌታዬ» አለች ከኋላዬ እትዬ ወርቅነሽ። ከእንጦጦ ጭራሮ እያወረደች ሦስት ልጅ ያሳደገች ጎረቤቴ ናት፤ ሴቶቹን ቤት ለቤት ዞራ ያሰባሰበችልኝም እሷ ነበረች።

«እኔ የማየው ድንጋይ ነው።»

«እሱማ ድንጋይ ነው። ያ ጥቁሩ እኔ ነኝ። ቀጥላ ያለችው ጆሮ የሌላት ድስት ደግሞ ዘነበች ናት።»

«እኔማ እዚህ ነኝ» አለች ዘነበች።

«እዚያም ነሽ።»

ታዛቢው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «አንድ መራጭ ሁለት ቦታ ሊሰለፍ አይችልም» አለ። «ወይ ድንጋያችሁን አንሡ፣ ወይ ወደ ድንጋያችሁ ሂዱ።»

«ድንጋዩን ያነሣ መጨረሻ ይሰለፋል» አለ ጋሽ በዛብህ ሚዛኑን እየወለወለ። «ስኳሩም ለሁሉ የሚዳረስ አልመሰለኝም።»

ከዚያ ዘነበች ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔስ ምን ቸገረኝ፤ ልጆቹ ናቸው እንጂ» ብላ ሄዳ ድስቷ አጠገብ ቆመች። ሌላዋ «አንቺ እኮ የተማርሽ ነሽ፣ ይገባሻል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መናገሩም ቀረ፤ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያሉ ሄዱ። የመጨረሻዋ እትዬ ወርቅነሽ ነበረች። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ልባችን ካንቺ ጋ ነው» አለችኝ። ታዛቢው ልብ አልቆጠረም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ ስኳር ሲሆን ግን ብልሁም ይልሳል።

ባንዲራው ሥር ብቻዬን ቀረሁ። በሱቁ ሰልፍ ውስጥ ደግሞ ባለቤት ያልቆመባት አንዲት ነጭ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀረች።

«ይህችስ የማን ናት?» አለ ታዛቢው።

እትዬ ወርቅነሽ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «የሷ ናት። ጠዋት ከኔ ቀድማ ስታስቀምጣት አይቻለሁ። ወረፋው እንዳያልፋት ብዬ ነው።»

«ጓድ ዕጩ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

እዚህ ላይ ልዋሻችሁ እችል ነበር። ኮርቼ ቆምኩ ብዬ ብጽፍ የሚመሰክርብኝ ሰው ጥቂት ነው የቀረው። ነገር ግን ከወር በላይ መራራ ሻይ የጠጣሁ ሴት ነበርኩ። ከባንዲራው እስከ ድንጋዬ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሄድኩ። እትዬ ወርቅነሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ጋሽ በዛብህ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ሲጨበጨብ እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰልፍ መካከል ቆሞ ያላጨበጨበ ጎልቶ ይታያል።

ንባብ ቤቷ በሳምንቱ መጋዘን ሆነች። መጻሕፍቱም እንደተባለው ተከፋፍለው ሰው ቤት ገቡ፤ ግማሽ ግማሽ ኪሎ እየሆኑ።

ከአገር ከወጣሁ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ከእትዬ ወርቅነሽ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የጻፈላት ልጇ ነው። ሰላምታው አንድ ገጽ ሞላ። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «እኔም አረጀሁ። ሳልሞት አንድ ቃል ላኪልኝ። የዚያን ቅዳሜውን ነገር ይቅር ብለሽናል ወይ? ዘነበችም ትጠይቅሻለች። በዛብህ ዓይኑ ጠፍቶ እቤት ዋለ፤ ይጸጸታል አሉ።»

ይቅርታ ለይቅር ባዩ ጤና ይበጃል የሚሉ መጻሕፍት እዚህ አገር በየሱቁ ተደርድረዋል። አንብቤያቸዋለሁ፤ ስኳር ቢጠቀለልባቸው ይሻላል። ለመልሱ ብዙ ወረቀት አላባከንኩም። አንቺንም፣ ዘነበችንም፣ በዛብህንም፣ ባለ መነጽሩንም፣ ከባንዲራው ሥር ተነሥታ የሄደችውንም ሴት ይቅር አላልኩም፤ አልልምም ብዬ ላክሁላት።