ቦንጋን በጓዳ በኩል

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ከእሱ ጋር መንገድ የወጣ ያሰበበት አይደርስም። መንገድ ስለሚጠፋው አይደለም፤ መኪና ስለሚበላሽበትም አይደለም። መንገዱ ላይ ሰው ስላለ ነው።

በከፋ አገር፣ የዋጫ ከተማው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ናቸው። በእሳቸው ዓለም ባዳ የሚባል ፍጡር የለም፤ ያለው ገና ያልተጠየቀ ዘመድ ነው። ገበያ መሃል አንዱን መንገደኛ ያስቆሙና «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። የአባቱን ስም ሲነግራቸው የአያቱን እሳቸው ይሞሉለታል። ጎሳውን ይጠይቁታል። በአባቱ በኩል ካልተገናኙ በእናቱ ይዞራሉ፤ በእናቱም ካልሆነ ጋብቻ አለ፣ ክርስትና አለ፣ አብሮ መታሰርም አለ። ለሕዝብ ቆጠራ የመጣው ልጅ እንኳ ቤተሰቡን መዝግቦ ሳይጨርስ የአክስታቸው የልጅ ልጅ ሆኖ ተገኘና ቆጮ በጎመን በልቶ፣ እዚያው አድሮ ሄደ።

እንዲህ ያለ ሰው ሲወራለት ደስ ይላል። አባት ሲሆን ግን ያንገበግባል።

ልጃቸው አብርሆት ትንገበገብ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ መጽሐፍ ከያዘች የሚጠራትን የማትሰማ፣ እንግዳ ሲበዛ ወደ እንሰቱ ተክል ጀርባ የምትሸሽ ልጅ። በዚያ በሚሊኒየሙ ዓመት የታሪክ አስተማሪዋ ልዑልቃል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት፣ ክፍሉን አንድ ነገር ጠየቀ። ቦንጋ አጠገብ የድሮ የከፋ ነገሥታት የኖሩበት ኮረብታ አለ፤ በዓይኑ ያየው እጁን ያውጣ አለ። አንድም እጅ አልወጣም። እኔ ከደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቼ ሄጄበታለሁ፤ እናንተ የአገሩ ልጆች ምን ትሠራላችሁ ብሎ ሳቀ። ሳቁ አብርሆትን እንደ በርበሬ አቃጠላት። ተነሥታ ከዕረፍት ስንመለስ አይቼው እዚህ ቆሜ እናገራለሁ አለች። ክፍሉ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረም።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ደግሞ አንደኛ ከወጣሽ ቦንጋን አስጎበኝሻለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ ወጣች። የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት እንደተነገረ እሳቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ አበዛሽና አብርሆት ተነሡ። አብርሆት ከመሳፈራቸው በፊት አባቷን ማንም ቤት እንዳይገቡ አስማለቻቸው። እሳቸውም ማሉ፤ ደግሞስ ቦንጋ ላይ ማን አለኝ አሉ። እትዬ አበዛሽ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቦንጋ መናኸሪያ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ አንዱ በመስኮት «ጋሽ ወልዴ!» ብሎ ተጣራ። አለቀ።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በሕይወታቸው ቦንጋ የተመላለሱት ብዙ ጊዜ ነው። ለቡና መጥተዋል፣ ለፍርድ ቤት መጥተዋል፣ ለስብሰባ መጥተዋል። ከከተማዋ ውስጥ ግን አንድም የሚታይ ነገር አይተው አያውቁም። የሚያውቁት የቤቶቿን ውስጥ ነው፤ የማን ጓዳ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ የማን ማር ነጭ እንደሆነ፣ የማን ምሰሶ እንደዘመመ። በነጋታውም ልጃቸውን ያስጎበኟት ይህንኑ ነው። አንድ አጥር ባለፉ ቁጥር ቆም ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፦

«ቁጭ አንልም። ከደጅ ሰላም ብለን እናልፋለን።»

ይህች ቃል ናት አብርሆትን ያሳረረቻት። ከደጅ ሰላም ማለት ጫማ ማውለቅ ነው። ከደጅ ሰላም ማለት ቆጮው እስኪጋገር፣ ማሩ እስኪወርድ፣ ጎረቤት ያለችው ምራት ተጠርታ እስክትመጣ መቀመጥ ነው። ብላ ሲባል አልበላም ማለት አይቻልም፤ በልቶ ቶሎ መነሣትም ነውር ነው። ሐሙስ እንዲህ መሸ። አብርሆት በየቤቱ ከግድግዳ ጋር ተጣብቃ፣ አሮጊቶች የሳሙትን ጉንጯን እየጠረገች፣ በመስኮት ኮረብታ ኮረብታውን ስታይ ዋለች። የትኛው እንደሆነ እንኳ የሚነግራት የለም።

ዓርብ ከዚህ ባሰ። የጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ የአክስት ልጅ ከፈለኝ ካረፉ ከርመዋል፤ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በክረምቱ መንገድ ምክንያት ለቅሶ አልደረሱም ነበር። ይህ ደግሞ ከደጅ ሰላም ተብሎ አይታለፍም። እስከ አጥሩ ድረስ እየሳቁና እየቀለዱ የመጡት ሰውዬ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ደረታቸውን እየደቁ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ ገቡ። የቤቱ እመቤት እትዬ ትርንጎ ደንግጠው ወጡና አብረው ማልቀስ ጀመሩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሰሌን ተነጠፈ፣ ንፍሮ ተጣደ። ለቅሶው ጋብ ሲል ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን እየጠረጉ ከፈለኝ እግሩን ሲያመው እንዴት ይቀልድ እንደነበር መተረክ ያዙ።

«ከፈለኝ ማነው?» አሉ እትዬ ትርንጎ፣ ቀስ ብለው።

የእሳቸው ሟች ባል ተሰማ ይባል ነበር። የከፈለኝ ቤት ሁለት አጥር ወደ ላይ ነው። አብርሆት መሬት ተከፍታ ብትውጣት መረጠች፤ ተነሥታም ቆመች። እትዬ ትርንጎ ግን ንፍሮውን ወደ እንግዳቸው አስጠጉና «እንግዲህ ጀምረውታል፣ ይጨርሱት። ለተሰማ እንዲህ ያለቀሰለት የለም» አሉ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ጨረሱ። አይተውት ለማያውቁት ለተሰማ እንደገና አለቀሱ፤ ተሰማም በእናቱ በኩል ዘመዳቸው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወደ ከፈለኝ ቤት ወጡና አዲስ ለቅሶ ጀመሩ። ሲወጡ መሽቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አብርሆት ጫማዋን አጥልቃ ያደሩበት ዘመድ ቤት በር ላይ ተቀመጠች። ቁርስ አልበላችም፣ እግዜር ይስጥልኝም አላለችም። በማግሥቱ እሑድ መኪናቸው ይሄዳል፤ ሰኞ ክፍሉ ይጠብቃታል፤ የምትናገረው ስለ ቆጮ ነው። አባቷ አንገታቸውን ደፍተው ከኋላዋ ተከተሉ። መንገድ ላይ ሁለት ሰው ጠራቸው፤ እጃቸውን ብቻ አንሥተው አለፉ። ይህን ሲያደርጉ ፊታቸው እንደታመመ ሰው ነበር፤ አብርሆት አይታ እንዳላየች ሆነች።

ሦስቱም መንገዱን እየጠየቁ በእግር ተጉዘው ኮረብታው ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ዙሪያው ሽቦ ታጥሯል፤ የቆርቆሮ በር አለ፤ በሩ ላይ ጢሙን ያጎፈረ፣ ካኪ ካፖርት የለበሰ ጥበቃ ዱላውን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከመናገራቸው በፊት ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው አላቸው። አብርሆት ከሩቅ እንደመጡ፣ ነገ እንደሚመለሱ ነገረችው። ዝግ ነው አለ። እትዬ አበዛሽ ለመኑት። ዝግ ነው።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ፊት ራመድ አሉ። ይህ የእሳቸው ሜዳ ነው።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የማንም ልጅ ብሆን ዝግ ነው» አለ ሰውየው፣ ቀና ሳይል።

እንዲህ ያላቸው ሰው በዕድሜያቸው አልገጠማቸውም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። ድንገት አጠሩ፤ ኮታቸው የሰፋቸው መሰለ። ሦስት ቀን ሙሉ አብርሆት አንድ ሰው ይህንን ቃል ለአባቷ እንዲላቸው ስትመኝ ነበር። አሁን ሰማችው፤ ደሟ ግን የፈላው በሌላ በኩል ነው።

«አባቴ የጠየቀዎት ከባድ ነገር አይደለም» አለችው። «በሩን ክፈት አላለዎትም። የማን ልጅ ነህ ነው ያለዎት። ይህን መመለስ ያቅታል? ከፈለጉ ገብተን አናይም። ግን ይመልሱለት።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ያኔ ነው ጢሙን ያስተዋለችው፤ በስንፍና የጎፈረ አልነበረም፣ የሐዘን ነበር።

«አባቴን አላውቀውም» አለ። «የእናቴ ልጅ ነኝ። ስሟን ከጠራሁ ደግሞ አለቅሳለሁ። ሥራ ላይ ነኝ።»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ጠጋ ብለው ዱላውን ከሰውየው እጅ ቀስ አድርገው ወሰዱና በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«በሩን እኔ እጠብቅልሃለሁ» አሉት። «አንተ ጥራት።»

ሰውየው ወለተሥላሴ ብሎ እናቱን ጠራ። ካፖርቱን ፊቱ ላይ ጥሎ አለቀሰ። እትዬ አበዛሽ አጠገቡ ተቀምጠው አብረው አለቀሱ። አብርሆትም፣ ለማታውቃት ሴት፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሲረጋጋ ፊቱን ጠረገና ከኪሱ ቁልፍ አወጣ፤ ከእኔ ጋር ግቡ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ላሳያችሁ አለ።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ አልገቡም። እንዴት ይግቡ፤ ሥራ ላይ ናቸው።

ውስጡ ፀጥታ ነበር፤ አብርሆት ዕድሜዋን ሙሉ የምትወደው ዓይነት ፀጥታ። ሰው የሚውጥ ጥልቅ ጉድባ አየች፤ ዳርና ዳሩን ሣር ለብሶታል። ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን ደልዳላ መሬት አየች፤ ትልልቅ ዛፎች ከበውታል። እዚያ ቆማ ወደ ታች ስትመለከት ከሽቦው ማዶ አባቷ የጥበቃውን ዱላ ተመርኩዘው ሁለት ወጣቶችን ይመልሳሉ። ነፋሱ ድምፃቸውን አመጣላት።

«ዝግ ነው። ግን የማን ልጆች ናችሁ?»

ሳቋ አመለጣት።

ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆማ ያየችውን ሁሉ ተናገረች። ስትጨርስ ልዑልቃል ግራ በተጋባ ድምፅ ቅዳሜ ቀን ጥበቃው እንዴት አስገባችሁ አላት። «እኔን ከበሩ ነው የመለሰኝ» ብሎ ጨመረና እሱም እንዳላየው መናገሩ ገና ያን ጊዜ ገባው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ በቾክ የተለወሰ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ጆሮው ቀላ።

አብርሆት መሳቅ ይገባት ነበር፤ ተራዋ ነው። ግን ይህ ሰው ከመጣ ጀምሮ በተከራየው አንድ ክፍል ብቻውን ውሎ እንደሚያድር፣ እሑድ እሑድ መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ጅማ የሚያልፉትን መኪኖች እንደሚያይ ትዝ አላት። ዋጫ ላይ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር፤ አባቷ እንኳ ገና አልደረሱበትም።

«ቲቸር» አለች፣ «የማን ልጅ ነዎት?»

ሳቁ ቆመ። ልዑልቃል ሊቆጣት አፉን ከፈተ። ከዚያ ቾኩን አስቀመጠና የአባቱን ስም ነገራት፤ የአያቱንም ጨመረ።

አብርሆት ትንሽ አሰበች።

«በእናትዎ በኩልስ?»