የራሴን የሥራ ልምድ ስጽፍ

የራሱን ፀጉር አሳምሮ የሚቆርጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የራስን የሥራ ልምድ መጻፍም እንደዚያው ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ።

ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ለሚለቅ ሰው ሁሉ የሥራ ልምድ የምጽፈው እኔ፣ የሚፈርሙት ኃላፊያችን ጋሽ ታፈረ። አንድ እንቅልፍ የማይጠግብ ባልደረባ ነበረን። ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እስከ ምሳ ያንቀላፋል። ለእሱ ምን ብዬ ጻፍኩ መሰላችሁ? «ከተመደበበት ቦታ ሳይነቃነቅ በትዕግሥት ያገለገለ።» ውሸት አለው? ዛሬ ሉማሜ ላይ የቡድን መሪ ሆኗል አሉ።

ባለቤቴ ሞጣ መምህር ነው። ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ይመለሳል። ባለፈው ሲሄድ ልጃችን በር ድረስ ሸኝታ «ደግሞ ይምጡ፣ እሺ?» አለችው፤ እንደ እንግዳ። እሱ ሳቀ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሞጣ ላይ አንድ የግል ኮሌጅ የመዝገብ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ባለቤቴ አመልክቺ አለኝ። ወረቀት ከመደርደር በቀር ምን አውቃለሁ አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባልደረቦቼ «አንችማ ወረቀት ነው የምትደረድሪ» ሲሉኝ አምኛቸው ኖሯል።

ለራሴ የጻፍኩት ልምድ ሁለት መስመር ሆነ፦ ስሜና የተቀጠርኩበት ቀን። ሳነበው ደሜ ፈላ። ለእንቅልፋሙ ሙሉ ገጽ፣ ለእኔ ሁለት መስመር? ቀደድኩት። ራሴን እንደ ሌላ ሰው ቆጥሬ እንደገና ጻፍኩ። አንድም ፋይል ጠፍቶባት እንደማያውቅ፣ ባለጉዳይን ነገ ተመለስ ብላ እንደማታውቅ ሁሉ አሰፈርኩ። የኃላፊውን መነጽርም ፈልጋ የምታገኘው እሷ ናት የሚለውን ግን አወጣሁት።

ጋሽ ታፈረ ሁለቴ አነበቡት።

«ይችን ሴት እንዴት ብዬ ነው የምለቅ!» አሉና አልፈርምም አሉ። ለመንኩ፣ ስለ ልጄ ነገርኳቸው። ወይ ፍንክች! ይልቅ ጥያቄሽ አልተፈቀደም የሚል ደብዳቤ ጽፈሽ አምጪ አሉኝ። እኛ መሥሪያ ቤት ለራሴ የሚሰጠኝን እንቢታም የምጽፈው እኔው ነኝ።

ጻፍኩላቸው፤ ሳልሰስት። «ሠራተኛዋ በሥራዋ ጥራት ተተኪ የማይገኝላት በመሆኗና ብትለቅ መሥሪያ ቤቱ ክፉኛ ስለሚቸገር ጥያቄዋን አልተቀበልነውም።» ፈረሙ። ማኅተሙንም በገዛ እጃቸው መቱበት።

በነጋታው ፈቃድ ጠይቄ ሞጣ ሄድኩ። የኮሌጁ ኃላፊ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲለኝ፣ እንቢታውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለ።

«መቼ መጀመር ይችላሉ?»

ከወር በኋላ አልኩት፤ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ የሰጠን ሠራተኛ ኃላፊም ቢሆን ሊያስቀረው አይችልም። የመልቀቂያ ማመልከቻዬን ሚኒባስ ስጠብቅ ጻፍኩ። ለእሱ ሁለት መስመር በቃው።