ጋሽ ክፍሉና የዝንጀሮ መኝታ

ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ ሊጠፋ ይችላል፤ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። የሚያስረዳ ሰው ግን ጠፍቶ አያውቅም። በየሰፈሩ አንድ አለ፤ ምንም ብትጠይቀው «እኔ እንጃ» የማይል። መጋላ ላለችው የቆርቆሮ ሥራ ሱቄ የደረሷት ክቡር ጋሽ ክፍሉ ናቸው፦ የከዚራ ተወላጅ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ የሁሉም ጉዳይ ሊቅ።

ጠዋት ጠዋት ከከዚራ በእግራቸው ይመጡና ሱቄ በር ላይ ካለችው ዱካ ላይ ይሰየማሉ። እኔ ቆርቆሮ እቆርጣለሁ፣ እሳቸው ያስረዳሉ። የባጃጅ ሞተር ለምን እንደሚግል፣ ግመል ለምን እንደሚያኮርፍ፣ ሁሉንም። «ይኼማ የታወቀ ነው!» ይላሉ። ማን ዘንድ እንደታወቀ ግን አይነግሩህም።

አንድ ቀን ሻሚስ ከሐርላ መንደር መጣች። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ያላት አንድ የፓፓያ ማሳ ነው፣ አምና ዝንጀሮ ጨርሶባታል።

«ኡስታ ዲሪር፣ ዘንድሮም ከበሉብኝ አለቀልኝ» አለችኝ።

ከፈረሰ መጋዘን የተረፈ ቆርቆሮ አላት፤ የሚበቃው ግን ለአንድ ጎን ብቻ ነው። ማሳው ሁለት ክፍት ጎን አለው። አንዱ ሾላ ወደበቀለበት ደረቅ ወንዝ፣ አንዱ ወደ ገደሉ። አንዱን ድንጋይ እየወረወረች ትጠብቃለች። ጎህ ሲቀድ ካደሩበት ተነሥተው በመንጋ የሚመጡበት ግን መዘጋት አለበት።

«የት ነው የሚያድሩት?» አልኳት።

«በምን አውቃለሁ? ከመሸ ዘግቼ እገባለሁ። ስነሣ ማሳው ውስጥ ናቸው።»

«ይኼማ የታወቀ ነው!» አሉ ጋሽ ክፍሉ። «ዛፍ ላይ! ቅርንጫፍ አጥፎ፣ ቅጠል ጎዝጉዞ፣ በየማታው አዲስ አልጋ ይሠራል።»

«አቦ፣ እኔ ሐርላ ተወልጄ ዛፍ ላይ አልጋ አይቼ አላውቅም» አለች ሻሚስ።

«ጠዋት ያፈርሰዋላ!»

እኔ በሜትር የምሠራ ሰው ነኝ። በማግስቱ ለማረጋገጥ ደግሜ ጠየቅኳቸው።

«ተቀምጦ ነው የሚተኛው። መቀመጫው ላይ እንደ ትራስ የደነደነ ቆዳ አለው።»

«አልጋውስ?»

«አልጋው ላይ ተቀምጦ!»

በሦስተኛው ቀን አልጋ የሚሠራው ቺምፓንዚ ሆነ፤ ቺምፓንዚ ደግሞ እኛ አገር የለም።

«ታዲያ የእኛው ዝንጀሮ?»

«ከሱ አይቶ ነዋ!»

አገራችን ከሌለ ከየት አየው? ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። የለካሁትን የማልጠራጠር ሰው፣ እሳቸውን በሰማሁ ቁጥር ሜትሬን መጠራጠር ጀመርኩ። ሥራ ግን ሥራ ነውና የሾላውን በኩል አጠርኩት፤ ቋሚውንም በሲሚንቶ ተከልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሻሚስ ደወለች። መንጋው ከገደሉ ወረደ። ለካ ዝንጀሮዎቹ የሚያድሩት ነብር የማይደርስበት የገደል ጠርዝ ላይ ተደርድረው ነው። ሾላው ላይ የምታድረው ጦጣ ናት፤ እሷም ብትሆን አልጋ የላትም። ይህንኑ ለጋሽ ክፍሉ ነገርኳቸው። ተነሥተው ሄዱ። በማግስቱ አልመጡም፤ ከዚያም ወዲህ እንዲሁ። ጸጥታውን ሳዳምጥ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ አጣምሜ ቆረጥኩ።

በመጨረሻ ከሱቄ ቆርቆሮ ጭኜ የገደሉን ጎን ልዘጋ ሐርላ ወጣሁ።

ጋሽ ክፍሉ ዱላቸውን ይዘው ገደሉ በኩል ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ በየጠዋቱ በመጀመሪያው መኪና ይመጡ ነበር። ፊት ለፊታቸው አንድ ባለ ጎፈር አውራ ዝንጀሮ ቁጢጥ ብሏል፤ መንጋው ከኋላው ነው።

«ስማ አንተ! መኝታህ ዛፍ ላይ ነው! ገደል ላይ ምን ትሠራለህ?»

ዝንጀሮው አንገቱን ሰበር አድርጎ አያቸው። ፊቱ ላይ የኔን ግራ መጋባት አየሁት። ጥቂት ቆይቶ መንጋውን መልሶ ወጣ።

«ገደል ላይ አይደል እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እነዚህ እንግዶች ናቸው» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «የሐርላዎቹ ዛፍ ላይ ነው።»

ፓፓያው ቢጫ መምታት ጀምሯል። እሳቸው ከተቀመጡ ወዲህ አንድም አልተነካም።

ቆርቆሮውን ማውረድ ስጀምር ሻሚስ ከቤት ወጣች። «ኡስታ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ጎኑን ልዘጋልሽ ነዋ።»

«ተው አቦ! ቆርቆሮ ያጫውተኛል? እሳቸውን እኮ ዝንጀሮም ቆሞ ይሰማቸዋል። ይልቅ ፀሐዩ እየጠበሳቸው ነው።»

ስለዚህ አራት እንጨት ተክዬ በቆርቆሮው ከላያቸው ጥላ መሥራት ጀመርኩ። ጋሽ ክፍሉ አንጋጠው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ሚስማሩን ጎድጓዳው ላይ ምታው!» አሉኝ።

ቆርቆሮ የሚመታው ጉብታው ላይ ነው። ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ያፈሳል፤ ይህን ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተማርኩት ነው።

መዶሻዬን አነሣሁና ጎድጓዳው ላይ መታሁት።