ሰማንያ መሪ፣ አንድ ቱባ

መጀመሪያ የቱባ፣ የዚያ የትልቁ የናስ ጥሩምባ፣ ድምፅ ሰማሁ። ቡው... ቡው... ይላል። የሚነፋው ሰው አይታይም፤ እኔም አልታይም። ትናንት በቀትር ያየሁት ሕልም የጀመረው እንዲህ ነው።

እንቅልፍ የጣለኝ ድሬዳዋ፣ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ፣ ወንበር ላይ ነበር። ሚላኖ ለሚካሄድ የወጣት ኦፔራ መሪዎች ውድድር፣ ኦርኬስትራ ስመራ የሚያሳይ ቪዲዮ መላክ ነበረብኝ። የመጨረሻው ቀን ትናንት ነው። ሃያ ሦስት ሙዚቀኛ ጋ ደውዬ በስምንት ሰዓት ኑ አልኩ። በድሬዳዋ ፀሐይ በስምንት ሰዓት ማንም ከቤቱ ንቅንቅ እንደማይል ጠፍቶኝ አይደለም፤ ለሚላኖ ሲባል ይወጣሉ ብዬ ነው። የመሪ ዘንግ ስለሌለኝ ከወይራ መፋቂያ አንዲት ቀርጬ ጠበቅኳቸው።

በሕልሜ ግን ሚላኖ ራሷ መጥታ ደጃችን ላይ ተሰልፋለች። የጣሊያን ቆንስሉ ከረቫቱን አስሮ፣ ፋይሉን በብብቱ ይዞ፣ ፀሐይ ላይ ቆሟል። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ ጠየቀችው።

«ከልጄ ጋር ምን ጉዳይ አለህ?»

«ልጋብዘው ነው፣ እማማ።»

«ስትጨርስ ወደ አገርህ ለመመለስህ ማስረጃህ ምንድነው?»

የሚስቱንና የሦስት ልጆቹን ፎቶ አወጣ። እናቴ አገላብጣ አየችና «ሐሙስ ተመለስ» አለችው። እጅ ነስቶ ሄደ።

ሐሙስ ወዲያው ሆነ፤ እኔም ሚላኖ ነበርኩ። የኦፔራ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ አንዲት ሽበታም ሴትዮ፣ አጎንብሳ ተቀበለችኝ።

«ልምድ አለህ?»

«የለኝም።»

«ተመስገን! ትናንት የመጣው ሰውዬ የአርባ ዓመት ልምድ ነበረው፤ ከበር መለስነው። ኦፔራ አይተህ ታውቃለህ?»

«በስልክ። ኔትወርክ ሲኖር።»

በደስታ አለቀሰችና ወደ አዳራሹ ገፋችኝ።

ኦፔራው ከመጨረሻው ጀመረ። ዘፋኟ መጋረጃው ሲከፈት ሞተች። ተመልካቹ ነጠላውን አዘቅዝቆ አለቀሰ፤ ንፍሮ ታደለ። ቀጥሎ ታመመች። ከዚያ ተሻላት፣ ከዚያ ፍቅር ያዛት፤ በመጨረሻም የወደደችውን ልጅ ገና ሳታውቀው እናቷ ቤት ቁጭ ብላ ሽንኩርት መላጥ ያዘች። ሁሉም አጨበጨበ። ከሰገነቱ ላይ አንድ ሽማግሌ «አቦ፣ ደግማችሁ ግደሏት!» ብሎ ጮኸ።

ለመድገም መድረኩ ላይ ወጣሁ። ሰማንያው የኦርኬስትራ አባል ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰማንያ የመሪ ዘንግ አነሣ። ዘንጎቹ ሁሉ እንደ እኔዋ ከወይራ መፋቂያ የተቀረጹ ናቸው። የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ሆንኩ። ጭኔ ላይ ቱባ አለ። ያ ድምፅ ለካ የእኔ ኖሯል።

«ቀስ!» አለ አንዱ።

«ፍጠን እንጂ!» አለ ሌላው።

«ቫዮሊኖቹ የት አሉ?» አልኳቸው።

«እነሱም አንተ ነህ።»

ነፋሁ። ከንፈሬ አበጠ። አንዲት ወፍራም ሴት በዘንጓ ጥርሷን እየፋቀች «ሞቅ አድርገው፤ እኛ በፀሐይ የመጣነው ለአንተ ብለን ነው» አለችኝ።

«ልሂድ» አልኩ።

ሰማንያውም ተንበረከኩ። «በእናትህ! ያለኸን አንድ አንተ ነህ። አንተ ከሄድክ ማንን እንመራለን?»

«ደክሞኛል።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ቪዲዮ እንቅረጽና ትሄዳለህ።»

ይህን ነገር ከዚህ በፊት ማን ሲል እንደሰማሁ ላስታውስ ስል ነቃሁ።

ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ስልኬ መቆሚያዋ ላይ እንዳለች ሃያ ሁለት ባዶ ወንበር ትቀርጻለች። ሃያ ሦስተኛው ላይ ጋሽ ቶሎሳ፣ የድሮው የማርሽ ባንድ ጡረተኛ፣ ቱባቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። መቼ እንደመጡ አላውቅም። ላብ በግንባራቸው እየወረደ ቡው... ቡው... ይላሉ።

ዘልዬ ተነሣሁ።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ይቅርታ! ያሉኝ አንድ እርስዎ ነዎት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቪዲዮ እንቅረጽና ይሄዳሉ።»

መፋቂያዬን አነሣሁ።

ጋሽ ቶሎሳ መፋቂያዋን አዩ። ባዶዎቹን ወንበሮች አዩ። ከዚያ ቱባውን ዘቅዝቀው ውስጡ የተጠራቀመውን ውኃ አንጠፈጠፉ፤ ባመጡበት ብርድ ልብስ ጠቀለሉት፤ ባርኔጣቸውን አደረጉ። እጄ እንደተነሣ ነው። በሩን ከፍተው ወጡ።