ሆዴን አጽድቼ ሐኪም ቤት የሄድኩ ጊዜ

ሐኪም ቤት ስትሄዱ ካልሲ ትቀይራላችሁ አይደል? አትዋሹኝ። ጥርሳችሁን ልትታዩም ቢሆን ካልሲ ትቀይራላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ ጆሮዬን ልታይ ስሄድ እግሬን ታጥቤ፣ ጥፍሬን ቆርጬ፣ አዲስ የውስጥ ልብስ ለብሼ ነው የሄድኩት። ጆሮዬን ግን ረስቼዋለሁ። ሐኪሙ ከውስጡ ያወጣውን ባልነግራችሁ ይሻላል።

ምን ይደረግ፣ አስተዳደጋችን ነው። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ጸድቶ ይቅረብ ተብለን አደግን። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል የተዝረከረከውን ሁሉ አልጋ ሥር የማይከት ማን አለ? እኔም እንደዚያው ነኝ። አንድ ጊዜ ግን አልጋ ሥር የከተትኩት በሽታዬን ሆነና ጨዋነቴ አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ በላብኝ። እስቲ ላጫውታችሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከባለቤቴ ከውድነሽና ከልጃችን ከሶልያና ጋር። ሥራዬ ሂሊያርድ ነው፤ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ማለቴ ነው፣ ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ሰውነቴ ሞላ ያለ ነበር። ሁላችንም ማስክ አድርገን መተያየት በጀመርንበት ዓመት ግን ሆዴ አመፀብኝ። በበላሁ ቁጥር ይነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያማ… ምሳ ላይ ያላችሁ ሰዎች ትኖራላችሁ፣ ልለፈው። ብቻ ከፎርክሊፍቱ ወርጄ ወደ መጸዳጃ ቤት የምሮጠው ሩጫ ታውቆ፣ ሰፐርቫይዘሬ ሲያየኝ መንገድ ይለቅልኝ ጀመር። ቀበቶዬን በምስማር አንድ ቀዳዳ ጨመርኩለት። ትንሽ ቆይቼ ሌላ ጨመርኩለት። ዘመዶች በቪዲዮ ሲያዩኝ፣ አሜሪካ ምግብ የለም እንዴ ይሉኛል።

የሆድ ሕመም ለቤታችን እንግዳ አይደለም። አባቴ ጋሽ ንጉሤ ናዝሬት ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሆዱን ያመው ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። እሱ "ሆዴን" ይላል፤ እናቴ "ሆዱን" ትላለች። ጎረቤቱም "የጋሽ ንጉሤ ሆድ እንዴት አደረ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሆዱ አብሮን የሚኖር ሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ። ሲብስበት ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ለሆዴ ይለዝብልኛል ብሎ ትኩስ ዳቦ ይበላል! ከሥራ ሲመለስ ለእኛም ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ ያመጣልናል። የዚያ ዳቦ ሽታ፣ የካፖርቱ ሙቀት ተቀላቅሎበት፣ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አባቴ ከሳ፣ ከሳ፣ ሞተ። ለቀስተኛው ምን አገኘው ብሎ ሲጠይቅ "ሆዱ ነው" ተባለ። ሌላ ስም አልነበረውም።

እና እኔም ሆዴን ይዤ ስቀመጥ፣ ሕመሙ እንደዚያ አላስፈራኝም። የፈራሁት እንደ አባቴ ስሙን ሳላውቀው መሄድን ነው። ስሙን የሚነግረኝ ሰው ናፈቀኝ። በሽታ ይናፍቃል እንዴ? ስሙ ይናፍቃል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

አንድ ቀን ብሬክ ሩም ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ዴቢ የምትባል አሜሪካዊት ሁኔታዬን አየችና፣ እህቷን እንዲሁ ያደርጋት እንደነበር ነገረችኝ። ሲሊያክ ይባላል አለችኝ። ስንዴና ገብስ የመሳሰሉትን ሲበሉ ሰውነት ተቆጥቶ የገዛ አንጀቱን ይጎዳል። ተመርመር፣ ከዚያ ስንዴ ትተዋለህ አለችኝ። ልብ በሉልኝ፣ መጀመሪያ ተመርመር ነው ያለችው። እኔ የሰማሁት ስንዴ ተው የሚለውን ብቻ ነው።

ተውኩ። ውድነሽ ምስጋና ይግባትና ምንም ያልተቀላቀለበት የጤፍ እንጀራ ለብቻዬ ትጋግርልኝ ጀመር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሆዴ ዝም አለ። ዝም ሲልማ ደስ ብሎኝ ሐኪም ቤት ደወልኩና ለደም ምርመራ ቀጠሮ ያዝኩ። ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ሆነ። ጥሩ፣ መዘጋጃ ጊዜ አገኘሁ አልኩ። ለምርመራማ ንጹሕ ሆኜ ነው የምቀርበው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርፋሪ አልነካሁም። ሶልያና ብስኩት ስትበላ እንኳ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ።

ያስቸገረኝ የማኅበራችን ዳቦ ነው። የማኅበራችን እናት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ዛሬ የራሳቸው ቤትና የራሳቸው ትልቅ ኦቨን ያላቸው ሴት ናቸው። ኮባውን ከሜክሲኮዎች ሱቅ ፍሪዘር እየገዙ የሚጋግሩት ድፎ ዳቦ አለ፤ እሱን የቀመሰ ሰው ሌላውን ዳቦ ለጨዋነት ነው የሚበላው። በዚያ ክፉ ጊዜ ማኅበሩ በዙም ሆኖ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ አስቀድመው በመኪና እየዞሩ፣ በፎይል የጠቀለሉትን ዳቦ በየደጃችን አስቀምጠው፣ ደወል ነክተው ይሄዳሉ። ቄሱ በስክሪን ይባርካሉ፣ ሁላችንም ካሜራው ፊት እንቀምሳለን። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ አንድ በአንድ የማን አፍ እንደሚንቀሳቀስ ቼክ ያደርጋሉ። እኔ ልክ መቅመሻው ሲደርስ ኢንተርኔቴ ይበላሻል። ሁለት ወር ሙሉ፣ በዚያችው ደቂቃ ተበላሸ።

ቀኑ ደረሰና ካልሲ ቀይሬ ሄጄ ደሜን ሰጠሁ። እንዴት ያለ የጸዳ ደም መሰላችሁ! በሳምንቱ ነርሷ ኮል አደረገችኝና "ጉድ ኒውስ!" አለችኝ። ምንም የለብህም።

ውድነሽ እልል አለች። እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኔስ ብዬ ነበር፣ ስንዴ ደግሞ ምን አደረገ ብለው በማግስቱ አንድ ሙሉ ድፎ ይዘው ከች አሉ። እኔም የለብህም ተብያለሁና በላሁ። ኧረ እንዴት ጣፈጠኝ! በሦስተኛው ቀን ሰፐርቫይዘሬ እንደገና መንገድ ይለቅልኝ ጀመር።

አሁን ማን ይመነኝ? አመመኝ ስል "ተመርምረህ የለም?" ይሉኛል። አንዱ ጭንቀት ነው ይላል፣ ሌላው ጠበል ያዝዝልኛል፣ ሦስተኛው ደግሞ አሜሪካ ሲቆይ ሰው እንዲህ ያደርገዋል ብሎ ይስቅብኛል። መደበኛ ሐኪሜም ውጤቱ ግልጽ ነው አለኝ። ሁሉም ይቅር፣ አንድ ቀን ውድነሽ ሳህኑን ስታነሳ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "እውነቱን ንገረኝ፣ ዳቦውን ነው የጠላኸው ወይስ እኛን?" አለችኝ። እኔ ዳቦ ልጠላ? የጋሽ ንጉሤ ልጅ? በሕልሜ የማየው ዳቦ እኮ ነው!

ለምኜ፣ ጨቅጭቄ፣ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ የአንጀት ሐኪም ዘንድ እንዲልኩኝ አደረግኩ። ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት፣ ማስኩ መነጽሯን እያደበዘዘባት ወረቀቴን አገላበጠች። ከዚያ ድንገት፣ ደም ከመስጠትህ በፊት ስንዴ ትበላ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። "በፍጹም! ከሁለት ወር በላይ ፍርፋሪ አልነካሁም!" አልኩና ምስጋናዬን ጠበቅሁ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ምርመራው የሚፈልገው ሰውነትህ ከስንዴ ጋር ሲጣላ የሚተወውን ምልክት ነው፤ ስንዴ ከሌለ ጠብ የለም፣ ጠብ ከሌለ ምልክት የለም። በእኛ አማርኛ ስመልሰው፣ ጎረቤት የሚሰማው ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ነው፤ ባልየው ሁለት ወር ቤቱ ካልገባ ማን ምን ይሰማል? ለመሆኑ ማን ተው አለህ አለችኝ። ማንም አላለኝም። እንግዲህ የካልሲውን ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጌ ላስረዳት? "ሪስፔክት" አልኳት። ማስኳ እስኪወርድ ሳቀች።

ከዚያ ያዘዘችልኝን መድኃኒት ስሙልኝ። ዳቦ! በቀን ሁለት ቁራሽ የስንዴ ዳቦ፣ ለስምንት ሳምንት። ከዚያ ደሜ እንደገና ይታያል፣ በጉሮሮዬም ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከአንጀቴ ቅንጣት ቆንጥረው ይመረምራሉ። ያምሃል፣ ትችለዋለህ ወይ አለችኝ። እችላለሁ አልኳት።

ለእትዬ ጥሩወርቅ ሲነገራቸው መጀመሪያ፣ እንግሊዝኛው ነው ያልገባው አሉ። ሶልያና "ኖ፣ ሪሊ፣ ሺ ቶልድ ሂም ቱ ኢት ብሬድ" ብላ እውነትም ዳቦ ብላ መባሌን ስታረጋግጥላቸው ግን ተነሱ። "የሐኪም ትእዛዝ ከሆነማ እኔ ቆሜ የፈረንጅ ዳቦ አትበላም!" ማክሰኞና ቅዳሜ፣ አንድ ቀን ሳያጓድሉ፣ በፎይል ጠቅልለው አመጡልኝ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ፎይሉን ይዤ ወደ ሥራ ሄድኩና ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ ፈታሁት። ገና ትኩስ ነበር። ሽታው መኪናውን ሞላው። ወዲያው ካፖርቱ ትዝ አለኝ። አባቴ ናፈቀኝ፣ እንዴት እንደናፈቀኝ አልነግራችሁም። ይህን የማህል ሰውዬ፣ ዩኒፎርም ለብሼ፣ ዳቦ እየበላሁ አለቀስኩ። ዴቢ በመስኮት አይታኝ እጇን አወዛወዘችና ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለው መከራ ነው። የምወደውን እበላለሁ፣ የበላሁት ይበላኛል። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ውድነሽ መጸዳጃ ቤቱ ወለል ላይ ተጣጥፌ አገኘችኝ። አጠገቤ ቁጭ አለች። "ይብቃህ፣ ስሙ ጥንቅር ብሎ ይቅር፣ ዳቦውን ተወው፣ አምኜሃለሁ" አለችኝና አለቀሰች። አምኜሃለሁ የሚለውን ቃል ከእሷ አፍ ስጠብቅ ስንት ወር ሆነኝ! ሆኖም፣ "አባቴ ስሙን ሳያውቀው ሄደ፤ ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ" አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦውን የምትቆርስልኝ እሷ ሆነች። እያሳሳች ትቆርሰዋለች፤ አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ፣ ኋላ አንድ ተጨማሪ ጉርሻ እወስዳለሁ።

የመጨረሻው ሳምንት ግን ሌላ ሆነ። ሆዴ እያመመኝም ለዳቦው ሳሳሁለት። ሻንጣውን ዘግቶ መኪና የሚጠብቅ ዘመድ ታውቃላችሁ አይደል? በሩን በሩን ሲያይ ታዩታላችሁ፣ ቆይ ለማለት አፍ አይኖራችሁም። እንደዚያ ነበር። የመጨረሻዋን ቁራሽ ሳኝክ ሳኝክ ሶልያና "ዳድ፣ ጀስት ስዋሎው! ዋጠው በቃ!" አለችኝ።

በቀጠሮው ዕለት ፍራንክሊንተን የሚባለውን ሰፈር አልፈን ስንሄድ ውድነሽ እግሬን አየችና ሳቀች። ካልሲ ቀይሬያለሁ። ሆዴን ግን እንዳለ ነው ያቀረብኩት።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኛ አስጠግታ፣ "አዝናለሁ፣ ሲሊያክ ነው" አለችኝ። ብድግ አልኩ። "ቴንክ ዩ! ጋድ ብለስ ዩ!" ውድነሽም አብራኝ ተነሳች። ሐኪሟ ያልገባን መስሏት፣ ከእንግዲህ ዕድሜ ልክህን የስንዴ ዳቦ የለም ብላ ደገመችልኝ። ገብቶኛል። እንደገና አመሰገንኳት። ከዚያ ልጅሽም ትመርመር፣ ስንዴዋን ሳትተው እየበላች ትምጣ ብላ ለውድነሽ ነገረቻት፤ ሶልያና ይህን ስትሰማ ፒዛ አዘዘች።

በመጨረሻ ሐኪሟ፣ ከቤተሰብ እንዲህ ያለበት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

"አባቴ" አልኩ።

በምርመራ ታውቆ ነው ወይ አለችኝ። የለም፣ ዳቦ ጋጋሪ ነበር አልኳት። ሞቶ ስለተቀበረ ሰው እርግጡን ማወቅ አይቻልም፣ ግን በዘር ይመጣል አለችና የአባቴን ነገር ፋይሌ ላይ ጻፈችው፤ ከጎኑ "ምናልባት" ብላ። ምናልባትም ቢሆን ስም ነው። ያን ሁሉ ዓመት "ሆዱ" ብቻ ሲባል ለኖረ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

በሽታው ተገኘለት ተብሎ ወሬው በማኅበሩ ተዳረሰ። ዙሙ ቀርቶ በአካል መሰብሰብ ጀምረን ነበርና፣ ተራው የእኛ ቤት ሲሆን እትዬ ጥሩወርቅ "እንኳን ደስ አለህ!" እያሉ ገቡ። በሁለት እጃቸው ምን ተሸክመዋል? ድፎ ዳቦ። አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። "አውቃለሁ፣ አንተ አትበላም። የአባትህ ስም ይጠራበት ብዬ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ሰው ያለ ዳቦ ይታሰባል እንዴ?" አሉኝ።

ቄሱ ባረኩ፣ የአባቴን ስም ጠሩ፣ ቢላዋውን ሰጡኝ። ቆረስኩ። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ትንሽ ቆምኩ፣ ከዚያ ቀጠልኩ። ለሁሉም አዳረስኩ፤ ለእኔ ውድነሽ የጤፏን አቀረበችልኝ። ጠርዙ ላይ ያለውን፣ ቡናማውን፣ አባቴ የሚወደውን ትልቁን ቁራሽ ግን በኮባው ጠቅልዬ፣ ይህ የአባቴ ነው ብዬ ለብቻው አስቀመጥኩ።

ውድነሽ ኮባውን አየች፣ እኔን አየች።

"ኧረ አንተ፣ ለእሱም እኮ ክልክል ነው" አለችኝ።