ክቡር ይግባኝ ነጥብ የሰጡ ዕለት

በየቤተሰቡ አንድ ይግባኝ ባይ አለ። የአየር ትንበያው ተነግሮ ሳያበቃ «እነሱ ደግሞ ምን ያውቃሉ?» የሚል፣ ሐኪም «ምንም የለብህም» ሲለው ተናዶ ሌላ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ፣ በትምህርት ቤት ሩጫ አራተኛ ለወጣ ልጅ ከዳኞቹ ጋር የሚናነቅ። ልጁ የእሱ ቢሆን እሺ፤ ስሙን እንኳ አያውቀውም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ ደግማችሁ አስቡ፤ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛው የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው መነጽር ነው። ደንበኛው ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደላት እስከ ታች አንብቦ ሲጨርስ «አይተህ ነው ወይስ ገምተህ?» ብሎ ከላይ ያስጀምረዋል። ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ይግባኝ» ነው የምንለው፤ ሲብስበት ደግሞ «ክቡር ይግባኝ»። ክቡርነታቸው ታዲያ ተሰጥኦዋቸውን በመነጽር ብቻ አያባክኑትም። ዋናው ችሎታቸው የታየው በቪዲዮ ጌም ግምገማ ላይ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ጌም ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት መገምገም ሥራቸው ለሆነ ሰዎች ይላካል። እነሱ ተጫውተው ይጽፋሉ፤ ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ። ሌላው ሰው ነጥቡን አይቶ ይገዛል ወይም ይተዋል። ይግባኝ ግን ነጥቡን የሚያየው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የበታች ፍርድ ቤትን ውሳኔ እንደሚያይ ነው፤ በጥርጣሬ፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ። ሁለት ጥያቄዎች አሉት። የመጀመሪያው «ጨርሶታል?» ነው። ሁለተኛው «ከማን ጋር?»

አንድ ጊዜ አንድ ገምጋሚ ለመኪና ውድድር ጌም ዘጠኝ ሰጠ። ይግባኝ «ለመሆኑ ዝናብ የሚዘንብበት መንገድ ላይ ደርሰዋል?» ብሎ ጻፈለት። ሰውየው «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብሎ መለሰ። «አየሽ እትዬ፣ አመነ!» አለኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ የእርሻ ጌም አምስት ብቻ አግኝቶ አየና ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈ። «በቆሎው እስኪያፈራ መጠበቅ ያቃተው ሰው ነው የፈረደው። እንዲህ ያለውን ሰው ችግኝ እንኳ አያምነውም።» ዝቅ ላለውም ከፍ ላለውም ይሟገታል፤ በዚህ አድልዎ የለበትም። እንዲያውም አንድ ዓመት ገምጋሚዎቹን ራሳቸውን ገምግሞ ነጥብ ሰጣቸው። ከስድስት በላይ ያገኘ አልነበረም።

አንድ ኩባንያ ገምጋሚዎችን ባሕር ዳር ያለ ሆቴል ጋብዞ ጌሙን እዚያ እንዳጫወታቸው የሰማ ዕለት ምሳውን አልበላም።

«በነጻ ሆቴል ያደረ ሰው ለምንም ነገር ከሰባት በታች መስጠት አይችልም። ፎጣው ይለሰልሳላ!»

«አንተን ቢጋብዙህስ?» አለው ባሌ።

«ፎጣውን ለብቻው እገመግመዋለሁ።»

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ብዙ ሰው በኦንላይን ተገናኝቶ የሚጫወተው ጌም ነው። «ገምጋሚዎቹ የሚጫወቱት ከመክፈቻው ቀን በፊት ነው፤ ሰርቨሩ ውስጥ ያሉት እነሱና የኩባንያው ሰዎች ብቻ ናቸው። ይሄ ማለት እኮ እትዬ፣ ከጋራዥ ያልወጣ አውቶቡስ ውስጥ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ "መቀመጫው ሰፊ ነው፣ አየሩም ንጹሕ ነው" ብለሽ መጻፍ ማለት ነው። ጠዋት ሰው ሥራ በሚገባበት ሰዓት ተሳፍረው ይጻፉት እስቲ!»

በዚህ እንኳ እስማማለሁ። የተማርኩትም የምሠራውም የመዛግብት አያያዝ ነው፤ በእኔ ቤት ቀን የሌለው ወረቀት ወሬ ነው። የት፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደተጻፈ የማይናገር ግምገማ እጄ ቢገባ የማስቀምጠው ምንጩ ካልታወቀው ጋር ነው። በሌላው ሁሉ ግን ከይግባኝ ጋር አንግባባም፤ በተለይ ሶፋዬ ላይ የሚቀረውን የብስኩት ፍርፋሪ በተመለከተ።

ባሌ የወንድሙ ተቃራኒ ነበር። «ስምንት ካሉ ስምንት ነው፤ ሰዎቹ ሥራቸው አይደል?» ይል ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁለቱ ያንን ሶፋ ይዘው፣ አንዱ እየተሟገተ ሌላው እየሳቀ ይጫወታሉ። የሚወዱት አንድ የጀልባ ጌም ነበራቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጀልባ ወንዝ ይወርዳሉ፤ አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ይቀዝፋል። ጀልባዋ ላይ ደወል አለች። ደወሏ ምንም አትጠቅምም፤ ነጥብ አትሰጥ፣ መንገድ አታስለቅቅ። ባሌ ግን በእያንዳንዱ ድልድይ ሥር ይደውላታል።

«ምን ያደርግልሃል?» ይለዋል ይግባኝ።

«መጣን ለማለት ነዋ።»

«ለማን?»

«ለድልድዩ።»

ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እጫወታለሁ ብሎ ነበር። ሳይወጣ እሱ ከዚህ ዓለም ሄደ።

ይግባኝ ከዚያም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን አልተወም። አይጫወትም። ሶፋው ላይ ባለችው የለመዳት ቦታ ተቀምጦ የሳምንቱን ግምገማዎች ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ አንዱን ይሽራል፣ አንዱን ያሻሽላል። እኔ ልብስ እየተኮስኩ «እኔ ምን አገባኝ?» እላለሁ። ለምን እንደሚመጣ ጠይቄው አላውቅም። ብጠይቀው ያስብበታል፤ ካሰበበት ደግሞ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ።

አንድ ቅዳሜ «የጀልባዋ ሁለተኛ ክፍል ትውጣና ፍርዷን ሰጥተን ፋይሉን እንዘጋለን» አለ። እሱ ለወጉ ያህል ነው የተናገረው። የተዘጋ ፋይል ወዴት እንደሚሄድ የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው የለም።

ጉዱ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የአንድ የጌም ድረ ገጽ አዘጋጅ የይግባኝ አቤቱታ ቢያንገፈግፈው «እንግዲያው ይህችን ጀልባ እርስዎ ይገምግሙልን» ብሎ ጌሙን ከመክፈቻው ቀን አስቀድሞ ላከለት። ደህና ከጻፈ ገምጋሚ ሊያደርገው፣ ካልጻፈ ለዘለዓለም ዝም ሊያሰኘው።

ክቡርነታቸው ከመነጽር ቤታቸው ነጩን ጋዋን እንደለበሱ መጡ። «ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ልብስ አለው» አሉ። ቀዛፊ አስፈለጋቸው። ኩባንያው ጎበዝ ተጫዋች ልመድብልህ ቢለው ይግባኝ እምቢ ብሏል። «ገለልተኛ ሰው ነው የምፈልገው። እትዬ፣ እንዳንቺ ለጌም ግድ የሌለው ሰው አላውቅም፤ ነይ ተቀመጪ።» የባሌን ጆይስቲክ ከመሳቢያ አወጣሁ፤ አቧራውን ጠረግሁና ተቀመጥሁ።

«ቅዘፊ እንጂ እትዬ!»

«እየቀዘፍሁ ነው!»

«ወደ ኋላ ነው እኮ የምትቀዝፊው!»

«ወደ ኋላም ቢሆን መቅዘፍ ነው።»

«ድንጋይ! ድንጋይ! ... በቃ፣ ሰጠምን።»

«ጻፈው» አልኩት። «ቀዛፊዋ ጀማሪ ነበረች ብለህ ጻፍ። ሁኔታው ይገለጽ።»

ሥራው ሲገፋ ዓይኑ ቀላ፣ አንገቱ ደረቀ። «እትዬ፣ የእነዚህ ገምጋሚዎች ሥራ ለካ ቀላል አይደለም» አለ። «በቀጠሮ መደሰት ማለት እኮ ነው።» ወዲያው የተናገረው አስደነገጠው። «ይሄ ግን መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር!»

ሰፍሯል።

በኦንላይን የሚሠራውን ክፍል ኩባንያው ለገምጋሚዎች ባዘጋጀው ሰርቨር ሞከርነው። ከየአገሩ የመጣ ሰው ጀልባውን ይዞ የሚገናኝበት ትልቅ ወደብ ነው። ውኃው ጸጥ ያለ፣ ምስሉ የጠራ፣ አንድም እክል የሌለበት። ከእኛ ሌላ ያሉት ከኩባንያው የመጡ ሁለት ጀልባዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም በትሕትና ያሳልፉናል። ይግባኝ ግራ ቀኙን አየና «ባዶ አውቶቡስ» አለ። ጽሑፉን ሲልክ ስለ ወደቡ «ሕዝብ ሲገባበት ይታያል» ብሎ ነጥቡን ባዶ ተወው። አዘጋጁ ደወለ፤ ድምፁ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል።

«ሌሎቹ ሁሉ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰጥተው አወጡት! ነጥብ የሌለውን ግምገማ ማን ያነበዋል?»

«እኔ» አለ ይግባኝ።

«እርስዎማ ጸሐፊው ነዎት!»

«ጸሐፊ ከመሆኔ በፊት አንባቢ ነበርኩ።»

በመጨረሻ እስከ መክፈቻው ዕለት ምሽት ጊዜ ተሰጠው። ከዚያ ወይ ነጥብ፣ ወይ ስንብት።

መክፈቻው ቅዳሜ ዋለ። አማቴም የልጆቻቸውን ወንዝ ለማየት መጥተው መሐል ሶፋው ላይ ተሰየሙ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ ክብ እየሠራች ትዞራለች፤ ከሥሯ «እባክዎ ይጠብቁ» ይላል። ጠበቅን። ሻይ ጠጣን። አሁንም ጠበቅን።

«አልከፈቱላችሁም?» አሉ አማቴ።

«ገና ነው እማዬ፤ ሰው በዝቶ ነው።»

«አንኳኩ እንጂ!»

«በር የለውም እኮ።»

«በር ከሌለው ታዲያ ማን ከለከላችሁ?»

ክቡርነታቸው ሻይ ጨመሩላቸው።

እንደ ምንም ገባን። ወደቡ ላይ ጀልባ በጀልባ ተደራርቧል፤ አንዱ ተጫዋች ጀልባው ጠፍቶበት ውኃው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አማቴ «ውይ፣ ይሄ ምስኪን ምን ሆኖ ነው?» ብለው ሳይጨርሱ ተባርረን ወጣን። ያቺ ጀልባ እንደገና መዞር ጀመረች። ስልካችንን ከፍተን ብናይ ያልተናደደ ሰው የለም፤ ዘጠኝ የሰጡት ገምጋሚዎች ላይ ስድብ እንደ ዝናብ ይወርዳል።

የይግባኝ የድል ቀን ይህ ነበር። ስንት ዘመን ሲጮኽበት የኖረው ነገር በአደባባይ ተረጋገጠለት። ተነሥቶ ይጨፍራል ብዬ ስጠብቅ ጋዋኑን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ዘጠኝ ብሰጠውስ?»

ጆሮዬን ተጠራጠርሁ። «አንተ?»

«እሱ እኮ ዘጠኝ ይሰጠው ነበር።»

«አሥር ነው የሚሰጠው። ሰርቨሩ ሲወድቅም "ሰው ወዶት ነው" ይል ነበር።»

ይግባኝ ሳቀ። «ታዲያ አንድ ቀን የእሱን ፍርድ ባጸናለት ማን ይከሰኛል?»

ምላሴ ላይ የመጣልኝ የገዛ ራሱ ጥያቄ ነው። «ጨርሶታል?» አልኩት።

ስክሪኑን አየ። ጀልባዋ ትዞራለች።

«አልጀመረውም» አለ።

«ተከፈተ እንዴ?» አሉ አማቴ።

ይግባኝ ጋዋኑን መልሶ ለበሰና ጻፈ። ለሁለት ሰው የተሠራው ወንዝ ያምራል፣ ስምንት። ወደቡ በመክፈቻው ዕለት አልሠራም፣ አራት። በአማካይ ስድስት። ከሥሩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በየትኛው ሰርቨር እንደተጫወተ አሰፈረ፤ «ቀዛፊዋ ጀማሪ ናት» የሚለውንም አልረሳም። «ይህ የዛሬ ፍርድ ነው፤ ወደቡ ሲስተካከል ተመልሼ አያለሁ» ብሎ ዘጋው። ወንድሙን አላነሣም።

ግምገማው ሲወጣ የመጀመሪያው አስተያየት ከአንድ የማናውቀው ሰው መጣ። «ለመሆኑ ጨርሶታል?» ይላል።

ይግባኝ ከሶፋው ዘሎ ተነሣ። «ማነው ይሄ ባለጌ?» ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። «ጥያቄው ግን ጥሩ ነው።» ብዙም ሳይቆይ አዘጋጁ «የሚቀጥለውን መቼ እንላክልዎ?» ብሎ ጻፈ። አማቴ ነገሩ ባይገባቸውም ልጃቸውን ግንባሩን ሳሙት።

ሁሉም ደስ አለውና ይግባኝ የጆይስቲኩን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። «በቃ እንግዲህ» አለ። «ፋይሉ ተዘጋ።»

መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ ያለቀ ጉዳይ ይዘጋ ባይ እኔ ነኝ። በዚህ የተነሣ የማይወዱኝ አሉ። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ይግባኝ አለኝ» አልሁ።

ክቡርነታቸው ገመዱን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። «አንቺ?»

«እኔ።»

«በምን ምክንያት?»

«ማስረጃ ተዘልሏል። ደወሏ በግምገማው ውስጥ የለችም። ሁለተኛው ክፍል ላይም አለች፤ ያን ሁሉ ድልድይ ስናልፍ አንድም ጊዜ አልደወልናትም።»

ይግባኝ መነጽሩን አወለቀ፣ በጋዋኑ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ሌላ ቦታ የሌለ ይመስል ያችኑ የለመዳትን ቦታ ይዞ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ነጥቡ አይነካም» አሉ ክቡርነታቸው። «አሁንም ስድስት ነው። ይሁን እንጂ ደወሏ ልትፈተን ስለሚገባ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጥሯል።»

«እኔም እመጣለሁ» አሉ አማቴ። «ያ ውኃ ላይ የቆመው ልጅ ምን እንደ ደረሰበት ሳላውቅማ አልቀርም።»

ጆይስቲኩ ወደ መሳቢያው አልተመለሰም፤ ሶፋው ላይ ከነፍርፋሪው ቀረ። ይግባኝ እናቱን ደግፎ ወጣ። በሩን ዘጋው፤ ወዲያው ደግሞ ከፈተና አንገቱን አስገባ።

«እትዬ፣ እስከዚያ ድረስ ወደ ፊት መቅዘፍ ተለማመጂ።»