ለርቢ የሰጠሁት ሙክት

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ የሚጸልይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ሰው ጤና ይለምናል፣ ልጅ ይለምናል፣ ዝናብ ይለምናል። ምቀኛ ይለምናል እንዴ? ፈጣሪስ ልመናውን ቢሰማ ምቀኛውን ከየት ያመጣዋል? ኋላ ስደርስበት ለካ ሩቅ አይሄድም። ከጎረቤት ነው የሚያመጣው። ለጎረቤቶቼ ለነጥሩወርቅ ቤት የታዘዘው ምቀኛ ደግሞ እኔ ኖሬያለሁ።

ቆይ፣ ቶሎ አትፍረዱብኝ። ምቀኝነትና ቅናት ይለያያሉ። ምቀኛ የጎረቤቱ በግ እንድትሞት ይመኛል። ቀናተኛ ግን የሷ በግ ትኑር፣ የኔ ትብለጥ ነው የሚለው። እኔ ቀናተኛ ነኝ። አልፎ አልፎ የጎረቤቴ በግ ትንሽ ብታስል ቅር አይለኝም ነበር እንጂ ሞቷን እንኳ አልተመኘሁም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ጎንደር፣ ቁስቋም። እኔ የማዘጋጃ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ጎረቤቶቼ አቶ መንገሻና ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። ከሦስት ሴት ልጆቻቸው ጋር ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ይኖራሉ። መንገሻ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ረጋ ያለ፣ ሰላምተኛ፣ ማንም የማይጠላው ሰው። እንዲህ ያለ ጎረቤት ያለው ሰው መከራዬን ያውቀዋል። አንድ ቀን እንኳ ሰክሮ ቢገባ፣ አንድ ቀን ሚስቱ ላይ ቢጮህ፣ እኔም በቤቴ ደኅና ሰው እባል ነበር። አልሰከረም። አልጮኸም።

ጥሩወርቅ የዳባት ልጅ ነች። እናቷ ሲያርፉ ጥቂት እናት በጎች ተዉላት። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ በአንድ አምጥቶ ለበዓል ያርዳቸዋል። ኧረ እኔም አርዳቸው ነበር። እሷ ግን ርቢ ሰጠቻቸው። ርቢ ታውቃላችሁ። ከብት ያለው ሰው ሴቷን ለሌለው ይሰጣል፣ ያ ሰው ይጠብቃል፣ ያበላል፣ የወለደችውን ይካፈላሉ። የአባት የእናት ሥርዓት ነው፣ አዲስ ነገር የለውም። ጥሩወርቅ ታዲያ ሁለት ነገር ጨመረችበት። አንደኛ፣ በጓ የምትሰጠው ለችግረኛ ሴት ብቻ ነው፤ በገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ፊት፣ በሴቲቱ ስም። ባል ይሁን ወንድም አይነካትም። ሁለተኛ፣ የባለቤቱ ድርሻ ወደ ጥሩወርቅ አይመለስም። የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል ጡት ስትጥል ተራ ለያዘችው ሌላ ሴት ትሄዳለች። ከሷ ደግሞ ወደ ሌላዋ።

ቤተሰቡ በሙሉ ገባበት። ትልቋ ልጅ አስተማሪ ስለሆነች የሴቶቹን ተራ ትጽፋለች፣ በዚያው ፊደል ታስቆጥራቸዋለች። መካከለኛዋ በግ ሲታመም ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ ትሮጣለች። ትንሿ ዕጣ ታወጣለች። መንገሻ ጨውና መድኃኒት ይሸከማል። ሐሳቡ የጥሩወርቅ፣ ጀርባው የመንገሻ። ስም እንኳ አላወጡለትም። የዳባት ሴቶች «የነጥሩ በግ» ይሉታል፣ በቃ።

አንድ እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ጓድ ሊቀመንበሩ ስለ ሴቶች ጭቆና ረጅም ንግግር አደረጉና መጨረሻው ላይ እነ ጥሩወርቅን አስነሷቸው። አርአያ የሚሆን ቤተሰብ ነው አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ። መጨረሻ ጀምሬ መጀመሪያ አቆምኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ባለቤቴ አሰገደች ግን እጇ እስኪቀላ ስታጨበጭብ አየኋት። በሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ ብሏት አላየኋትም።

ከዚያ ወዲያ አሰገደች ከነሱ ጋር ዳባት መመላለስ ጀመረች። ባላገር ያደገች ሴት ነች፤ ስትመለስ ፊቷ ይበራል። እኔ እንዴት ዋልክ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ወሬዋ ሁሉ ጥሩወርቅ እንዲህ አለች፣ መንገሻ እንዲህ አደረገ ነው። በተለይ ስለ አንዲት ያልጋነሽ ስለምትባል ሴት ደጋግማ ታወራኝ ነበር። ባሏ ሞቶባታል፣ ሁለት ልጆች አሏት። ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም ማለት ነው፣ በሬዎቹን ነድቶ ወስዶባታል። እስከ ክረምት አንዲት በግ ካላገኘች ልጆቿን አክስቷ ዘንድ ጥላ ጎንደር ገረድነት ልትገባ ነው። ደግነቱ ተራዋ ደርሷል። የምትሰጣት ግልገል ጡት እስክትጥል ነው የሚጠበቀው።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ይህን ሲሰማ ተመስገን ይላል። እኔ ግን ምን አልኩ? ለምን ከኔ አታገኝም አልኩ። እነሱ ጡት ያልጣለች ግልገል ሊሰጧት ነው፤ እኔ ሙሉ በግ ብሰጣትስ? ያኔ አሰገደች የማን ሚስት እንደሆነች ትዘነጋዋለች?

አሰገደች ለለቅሶ አዘዞ በወረደችበት ቀን ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ገበያውን ሙሉ ዞርኩት። የነጥሩወርቅ በጎች ቀጫጮች ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠውን መረጥኩ። ላቱ ሲራመድ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ነጋዴው ለምን እንደፈለግሁት ጠየቀኝ። ለርቢ ነው አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ቶሎ ብሎ አሰረልኝ። ጨዋ ሰው ነው ብዬ አመሰገንኩት።

በበነጋው በጭነት ማኪና ዳባት ወጣሁ። ኬላው ላይ ወታደሩ በጉን ሲያይ መሸኛ ወረቀቴን ረሳው። ሰው በግ ከባላገር ወደ ከተማ ሲጭን እንጂ ከከተማ ወደ ባላገር ሲጭን አይቶ አያውቅም። ወዴት ነው አለኝ። ለርቢ ነው አልኩት። ጓደኛውን ጠራውና ሁለቱም በጉን ከኋላ አዩት። ከዚያ እየሳቁ የኬላውን ገመድ ከፈቱልን። ሕዝቡ ደግ ሥራ ሲያይ ደስ ይለዋል ብዬ አሰብኩ።

ዳባት ሴቶቹን አሰባሰብኩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ባለበት ከጓድ ሊቀመንበራችን ንግግር የማስታውሰውን ሁሉ አወረድኩት። ይህ በግ ከዛሬ ጀምሮ ለያልጋነሽ ርቢ ነው፣ ማንም ሊያርደው፣ ማንም ሊሸጠው አይችልም፣ ዋርሳም ይሁን ዘመድ የነካው በሕግ ይጠየቃል አልኩ። አንዷ ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አለቀሰች መሰለኝ። ያልጋነሽ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ነች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ብላ በጉን አየችው፣ ቀጥላ እኔን።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ገረመው። ሸጋ በግ ነው» አለች። ላቱን ዳሰስ አድርጋም «ለርቢ ነው ያሉኝ?» አለችኝ።

«ለርቢ ነው።»

«እሽ፣ ይሁን» አለች።

ማታውን ቤቴ ገብቼ ለአሰገደች አበሰርኳት። ፊቷ ሲፈካ አየሁ፤ ለኔ ሲፈካ። ያችን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳትም፣ ምክንያቱም ደቂቃዋ አንድ ብቻ ነበረች። ስንት ጥርስ ናት ብላ ጠየቀችኝ። ሴት አይደለችም አልኳት።

«አውራ ነው?»

ሙክት ነው አልኩና ላቱ ይህን ያህላል ብዬ በሁለት እጄ ለካሁላት። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ሙክት ምን እንደሆነ አጥቼው አይደለም፣ በየዓመቱ ለፋሲካ እገዛለሁ። በጠቦትነቱ ተቀጥቅጦ የደለበ በግ ነው። ሊወልድም ሊያስወልድም አይችልም። ለማረድ ብቻ የተሠራ በግ ነው። ግን ቅናት ዓይን ይጋርዳል፤ እኔ ያየሁት ላቱን ብቻ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ደግሞ ያፈሰስኩት ዳባት ድረስ ወስጄ ነው።

አሰገደች መደቡ ላይ ተቀመጠች። አልሳቀችም። ነገ ጥዋት ሄደህ ለጥሩወርቅ ንገራት አለችኝ። በግ አግኝታለች ብለው ያልጋነሽን ከተራው ያወጧታል፣ ክረምቱ ሲመጣ ሴትዮዋ ባዶዋን ትቀራለች አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን መንገሻ ያን የረጋ ፊቱን ይዞ «አይዞህ፣ ያጋጥማል» ሲለኝ ታየኝ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። እነግራታለሁ አልኩ። እንዳትናገሪ ብዬም አስማልኳት። እሷ መሐላዋን ጠበቀች፤ እኔ ቃሌን በላሁ።

ጾሙ ገባ። አሰገደች ከሥጋና ከወተት ጋር እኔንም ጾመችኝ። «እራት ቀርቧል» እና «በሩን ዝጋው» ብቻ ነው የምትለኝ። አንድ ቀን በአጥሩ ሥር ሳልፍ ትልቋ ልጅ ለእናቷ ተራውን ስታነብ ሰማሁ። ግልገሏ ጡት ጥላለች፣ ያልጋነሽ ግን ከጋሽ ገረመው ስላገኘች ለቀጣይዋ ትሰጥ አለች። ጥሩወርቅ እሺ አለች። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይበቃ ነበር። ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? አሳለኝ። አስሎኝ አለፍኩ።

ፋሲካ ሆነ። ግንቦት ገባ። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር እኔም እስከ ክረምት የቀረውን ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ከባላገር የመጣች፣ ጥቅል ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ሳይ ፊቷን ዞሬ አያለሁ። አንዲቷ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ ገረድ የሚፈልግ ሰው ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያልጋነሽ አልነበረችም። ያልጋነሽን የምትመስል ነበረች። የዚያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም፣ ወረቀቱ ሁሉ ጠፋብኝ። ፈራሁ። አፈርኩም። የሰው እናት ከልጆቿ የሚነጥል ቅናት ምን ዓይነት ቅናት ነው አልኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሰገደችን አስከትዬ ወደነ ጥሩወርቅ ቤት ሄድኩ። የምለውን ስላጠናሁት ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ጀመርኩ።

«ጥሩወርቅ፣ ለያልጋነሽ የሰጠኋት በግ ሙክት ነበር። ሳላውቅ ሰጠሁ፣ ሳውቅ ዝም አልኩ። ተራዋን ያስቀረሁባት እኔ ነኝ።»

ጥሩወርቅ ወደ ጓዳው በር ዞር ብላ አየች። ዓይኗን ተከትዬ ዞርኩ። ያልጋነሽ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ያልጋነሽ ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ አክብራ እጅ ነሣችኝ። ከዚያ ነገሩን ረጋ ብላ ተናገረችው። የሰጠኋት ዕለት ሙክት መሆኑን አይታለች፤ ባላገር ሙክት ይጠፋታል እንዴ? ግን የተማረ ሰው ነው፣ አንድ ነገር ቢያውቅ ነው እንጂ ዳባት ድረስ ሙክት ጭኖ አይመጣም ብላ አሰበች። ጠላ ትጠምቃለችና አተላውን እያበላች አደለበችው። ለፋሲካ ዋርሳዋ ቢላውን ስሎ መጣ። እሷም በሊቀመንበሩ ፊት ለርቢ የተሰጠኝ ነው፣ የሚያርደው በሕግ ይጠየቃል ተብሏል አለችው። ርቢ ስለተባለ ሙክት ሰምቶ የማያውቀው ዋርሳ ነገሩ የመንግሥት መሰለውና ቢላውን ይዞ ተመለሰ።

«የበዓሉ ገበያ ሳያልፍ አወጣሁት» አለች። «ባንድ ሙክት ሁለት እናት በግ ለወጥኩ። አንዷ ያረገዘች ነበረች፣ ሴት ወልዳለች። መሸጥ ክልክል ነው ብለውኝ ነበር፣ አያ ገረመው፤ መለወጥን ግን አላነሱም። አሁን የመጣሁ ግልገሏን ለቀጣይዋ ሴት ለማስጻፍ ነው። ጎንደር መግባቱንስ ትቸዋለሁ።»

ደስ አለኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ደስታዬ ግን ጥሩወርቅ ትልቋን ልጇን እስክትጠራ ድረስ ብቻ ነው የቆየው። ጻፊ አለቻት። ጠላ ለሚጠምቁ ሴቶች ከንግዲህ የሚደልብ ወንድ እንስጥ፣ ለበዓል በሁለት እናት በግ ይለውጡታል፣ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል። መንገሻ ወደኔ ዞሮ ያንን የፈራሁትን አላለም። ከዚያ የባሰውን አለ፤ «ገረመው፣ እንዴት ያለ ሐሳብ አመጣህልን» አለ፣ ከልቡ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት ይቀናል? እንዴትስ አይቀናም?

በሚቀጥለው ስብሰባ ጓድ ሊቀመንበሩ እነ ጥሩወርቅን እንደገና አስነሷቸው፤ ስለ አዲሱ የማድለብ ዘዴያቸው። መንገሻ ተነሥቶ ሐሳቡ የጎረቤታችን የአቶ ገረመው ነው አለ። ሕዝቡ ደግሞ ሐሳቡን ትቶ ትሕትናውን አጨበጨበለት። እይ ሰው፣ የራሱን ሥራ ለጎረቤቱ ይሰጣል ይሉ ነበር ከኋላዬ። ስሕተቴን እንኳ እኔ ከሠራሁት አሳምረው ሠሩት።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ጥሩወርቅ ለሴቶቹ ውኃ መቅጃ አህያ ልትጀምር ነው ሲባል ስለሰማሁ፣ አንድ ትልቅ አህያ በዓይኔ ላይ ይዞር ነበር። አሰገደች ፊቴን አየት አድርጋ ሳቀች። ከጾሙ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

«ቅናቱን ተው አልልህም፣ ለድኻ በጅቷል» አለችኝ። «ገበያ ግን ብቻህን አትሂድ።»